ሶለስ ሊኑክስ፦ ሁለት ጊዜ የተናጋ ትንሽ ዲስትሮና የማገገሚያ ዕቅዱ (የጉዳይ ጥናት)

በ2023 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ የሶለስ ሊኑክስ ዲስትሮ (ሊኑክስን ከፕሮግራሞቹ ጋር አጠናቅሮ የሚያሰራጭ ፕሮጀክት) ድረ ገጽ፣ የዴቨሎፐሮቹ የሥራ መከታተያና የተጠቃሚዎቹ መወያያ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ለሦስት ወር ገደማ አልተመለሱም። በየሳምንቱ ዓርብ ይመጣ የነበረው አፕዴትም ቆመ። በዚያው ጊዜ ፋየርፎክስ 110 በፌብሩዋሪ 14፣ 111 በማርች 14፣ 112 በኤፕሪል 11 ወጡ፤ ሁሉም የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍኑ ነበሩ። የሶለስ ተጠቃሚ ኮምፒውተር እንደ ወትሮው ይነሳል፣ ይሠራል። ስለዚህ ጥበቃው በየሳምንቱ እየሳሳ መሄዱን የሚያሳየው ምልክት አልነበረም።

ፕሮጀክቱ ግን አልሞተም። በኤፕሪል አጋማሽ ተመልሶ፣ በጁላይ 8 ቀን 2023 እትም 4.4ን፣ በጃንዋሪ 8 ቀን 2024 እትም 4.5ን አወጣ። እንዴት እንደወደቀ፣ ሲነሳ ምን እንዳስቀደመና የትኞቹን የቆዩ ዕዳዎች በምን ቅደም ተከተል እንደከፈለ መመርመር ለማንኛውም ትንሽ የክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ይጠቅማል። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮጀክቱ ምን ይመስላል?

ሶለስ በ2014 ኢቮልቭ ኦኤስ በሚል ስም ተጀመረ። ስሙ ከንግድ ምልክት ጋር በመጋጨቱ በ2015 ሶለስ ተባለ። መሥራቹ አይኪ ዶኸርቲ ነው። እትም 1.0 በዲሴምበር 27 ቀን 2015 ወጣ፤ በ2016 ደግሞ ቡድኑ ቋሚ እትም የማውጣትን ልማድ ትቶ ያለማቋረጥ ወደሚታደሰው፣ ሮሊንግ ወደሚባለው አሠራር መሻገሩን አስታወቀ። ባጂ የተባለው ዴስክቶፕ የተወለደውም እዚሁ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሶለስ በሌላ ዲስትሮ ላይ ያልተመሠረተ መሆኑ ነው። በኡቡንቱ ወይም በአርች ላይ የቆመ ትንሽ ዲስትሮ የራሱን ጥቂት ፓኬጆች (ለመጫን የተዘጋጁ ፕሮግራሞች) ይጠብቃል፤ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት)፣ ኮምፓይለሩን (ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠውን)፣ የደኅንነት ማስተካከያውን ሌላው ይሠራለታል። ሶለስ በሺዎች የሚቆጠሩትን ፓኬጆች ሁሉ ከምንጭ ኮዳቸው ራሱ ይገነባል። አንድ ሰው ሲጎድል የሚጎድለው ሥራም የዚያኑ ያህል ይከብዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ የሥሪት መመሪያውን የያዘ አጭር የጽሑፍ ፋይል አለው። ፋይሉ ምንጩ ከየት እንደሚወርድ፣ የማረጋገጫ ድምሩ ስንት እንደሆነ፣ ለመገንባት ምን ምን እንደሚያስፈልግና በምን ትእዛዝ እንደሚገነባ ይዘረዝራል። ግንባታው የሚካሄደው በእያንዳንዱ ጊዜ ከባዶ በሚነሳ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ነው፤ በዴቨሎፐሩ ኮምፒውተር ላይ በአጋጣሚ የተገኘ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ሾልኮ እንዳይገባ። የተገነባው በመጀመሪያ ለሙከራ ወደተለየው ማከማቻ ይገባል። በዚያ ጊዜ ሻነን ይባል ወደነበረው የሁሉም ተጠቃሚ ማከማቻ የሚሻገረው በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ብቻ ነበር።

ዓርብ መመረጡ ሥራቸውን ሳምንቱን ሙሉ በክትትል ለሚሠሩ ድርጅቶች የሚያስፈራ ቢመስልም፣ ለበጎ ፈቃደኛ ቡድን ትክክለኛ ቀን ነው ብለን እናምናለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ ቦታ የሚሠራ ሰው፣ የተበላሸ ነገር ቢኖር ለማስተካከል ጊዜ የሚያገኘው ቅዳሜና እሑድ ነው።

ከባዱ ሥራ የአንድን ፓኬጅ ቁጥር ማሳደግ ሳይሆን ብዙ ፕሮግራሞች የሚደገፉበትን ላይብረሪ መለወጥ ነው። የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረውን ላይብረሪ፣ ኦፕን ኤስኤስኤል 1.1.1ን፣ እንውሰድ። የነጻ ድጋፉ በሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 እንደሚያበቃ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ወደ ሦስተኛው ትውልድ ሲታለፍ የላይብረሪው ፋይል ስም ስለሚለወጥ፣ አሮጌውን ስም የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ እንደ ገና መገንባት አለበት። እንበልና 120 ፓኬጆች ቢሆኑ፣ በአማካይ እያንዳንዱ 8 ደቂቃ ቢወስድ፣ በአንድ የግንባታ ሰርቨር 16 ሰዓት ነው። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከ120ዎቹ አሥሩ በአዲሱ ላይብረሪ አልገነባ ካሉ፣ ለእያንዳንዳቸው ማስተካከያ መፈለግ፣ መፈተሽና መልሶ መገንባት ግማሽ ቀን ቢፈጅ፣ የአንድ ሰው አምስት ሙሉ የሥራ ቀን ሄደ። አሥሩ ሳያልቁ መቶ አሥሩን ብቻ ለተጠቃሚ መልቀቅ አይቻልም። አሮጌው ላይብረሪ አብሮ ስለሚነሳ የቀሩት ፕሮግራሞች «ላይብረሪው አልተገኘም» ብለው አይከፈቱም።

የ2018ቱ ትምህርት

መጀመሪያ የተናጋው በ2018 ነው። ዶኸርቲ በ2017 ኢንቴል የነበረውን ሥራ ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለሶለስ ሰጥቶ ነበር። በ2018 ከፕሮጀክቱ ራቀ። የቀሩት ሰዎች ሥራውን ለመቀጠል ሲነሱ ችሎታም ፈቃደኝነትም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ሥልጣን ነበር፦ ዶሜይኑና የልገሳው መግቢያ ከመሥራቹ ጋር የታሰሩ ነበሩ። ቡድኑ አዲስ ዶሜይን፣ ጌትሶል ዶት ዩኤስን፣ ያዘ፤ ለልገሳም ሌላ መንገድ ከፈተ። በኖቬምበር 2018 ዶኸርቲ በግልጽ ደብዳቤ የስሙንና የሥራውን መብት ሁሉ ለቡድኑ አስረከበ። ይህ በጎ ተግባር ነው፤ ያ ደብዳቤ ባይጻፍ ኖሮ የስሙ ጉዳይ ለዓመታት ሊጓተት ይችል ነበር። እትም 4.0 በማርች 17 ቀን 2019 ወጣ።

በዚያው በ2018፣ በሜይ ወር አካባቢ፣ ተመሳሳይ ነገር በሌላ ገለልተኛ ዲስትሮ፣ በቮይድ ሊኑክስ ደረሰ። የፕሮጀክቱ መሪ ለወራት ድምፁ ጠፋ፤ ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ በጊትሀብ፣ ያለው ድርጅታዊ ሂሳቡ፣ ዶሜይኑና የውይይት ቻናሎቹ የበላይ ቁልፍ በእርሱ እጅ ብቻ ነበር። ቮይድ በጥቂት ሳምንታት ወደ አዲስ የኮድ ማስቀመጫና ወደ አዲስ ዶሜይን ተሻግሮ ሥራውን ቀጠለ። ሥራው ያልተቋረጠው ፓኬጅ መገንባቱና ማሰራጨቱ በቀሩት ሰዎች እጅ ስለነበረ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላየ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የጠፋው ንብረት በር ከሆነ አዲስ በር ይከፈታል፣ የጠፋው ምድጃው ከሆነ ግን ቤቱ ይራባል።

ሶለስ በ2018 የጎደለውን በር ተካ፤ ምድጃውን ለብዙ እጅ ማካፈሉ ግን ለሌላ ጊዜ ቀረ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ጆሽ ስትሮብል ለቀቀ፤ ባጂ ዴስክቶፕም ባዲስ ኦፍ ባጂ ወደሚባል የራሱ ቡድን ሄደ። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሰርቨሮቹ ሲወድቁ በፍጥነት የሚያነሳቸው አልተገኘም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ተረት የተነገረው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሌላም ችግር ነበር። ድረ ገጹ፣ መከታተያውና መወያያው አብረው ስለወደቁ ለተጠቃሚው «ይህ ደርሷል፣ ይህን ጠብቅ» የሚባልበት ኦፊሴላዊ ቦታ አልቀረም። የሁኔታ መግለጫ ገጽ ከዋናው መሠረተ ልማት ውጭ፣ በሌላ ኩባንያ፣ የሚቻል ከሆነም በሌላ ዶሜይን ላይ መኖር አለበት። አንዲት የጽሑፍ ገጽ ብትሆን ይበቃል፤ ወጪዋ ምንም ነው፣ ስትጠፋ ግን ሰው ወሬ ብቻ ይቀረዋል።

የኤፕሪል 2023 ምርጫ

ቡድኑ ሲመለስ ፊቱ ሦስት መንገድ ነበረው። አንደኛው በክብር መዝጋት ነው። ሁለተኛው በሰርፐንት ኦኤስ፣ ዶኸርቲና ባልደረቦቹ ከባዶ በሚሠሩት አዲስ ዲስትሮ፣ መሣሪያዎች ላይ ሶለስን እንደ ገና ማቆም ነው። ሦስተኛው ያለውን ቤት እየጠገኑ መቀጠል። በይፋ የተገለጸው የሩቅ ግብ ሁለተኛው ነበር፤ ስትሮብልም ተመለሰ፣ ዶኸርቲም በምክር ሊያግዝ ቀረበ። በተግባር የተሠራው ግን ሦስተኛው ነው። በ2025 መጀመሪያ እትም 4.7 ሲወጣ ሶለስ አሁንም በራሱ አሮጌ የፓኬጅ ማስተዳደሪያ፣ በኢኦፒኬጂ ነበር የሚሠራው። ሰርፐንት ራሱ በዚያው ዓመት ስሙን ወደ ኤሪን ኦኤስ ለውጦ የራሱን መንገድ ቀጠለ።

በእኛ ግምገማ ያዳነው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ያላለቀ መሣሪያን ጠብቆ ያለውን ቤት ማፍረስ ትንሽ ቡድንን ሁለት ግንባር ያዋጋዋል፤ አሮጌው ላይ ያለው ተጠቃሚ ሲጠብቅ ይሄዳል፣ አዲሱም ሞካሪ ያጣል። ትልቁን ሕልም በሩቅ ግብነት ጽፎ፣ የዚህን ሳምንት ዓርብ ማስቀደም ብልህነት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ እንዲህ ይከፈላል። የፓኬጆቹ መመሪያ የኮድና የሥራ መከታተያ ከሆነው ከፋብሪኬተር ወደ ጊትሀብ ተዛወረ። ፋብሪኬተርን የሠራው ኩባንያ ማሻሻሉን በጁን 2021 አቁሞ ስለነበር ውሳኔው የዘገየ እንጂ የተቻኮለ አይደለም። ቀድሞ እያንዳንዱ ፓኬጅ የራሱ ማስቀመጫ ነበረው፤ አሁን ሁሉም በአንድ ትልቅ ማስቀመጫ ውስጥ ገቡ። ለውጡ ተራ ይመስላል፣ ለአዲስ ገቢ ግን ብዙ ነው። ከላይ የጠቀስነውን ዓይነት የላይብረሪ ለውጥ አንድ ሰው 120 ማስቀመጫ ሳይዞር በአንድ የለውጥ ጥያቄ ያቀርባል፤ ገምጋሚውም ሙሉውን ሥዕል በአንድ ገጽ ያያል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ በጊትሀብ ላይ መደገፍ ነው። ስለዚህ የማስቀመጫው ሙሉ ቅጂ በየቀኑ ወደ ሌላ ቦታ መቀዳት አለበት፤ ጊትሀብ በቆመበት የኮድ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ በጊት፣ ይህ አንድ ትእዛዝና አንድ የሰዓት መርሐ ግብር ብቻ ነው።

ልገሳው የሚሰበሰበው ኦፕን ኮሌክቲቭ በተባለው ድረ ገጽ ነው። እያንዳንዱ ገቢና ወጪ ለማንም ይታያል፤ ገንዘቡም ከግለሰብ የባንክ ሂሳብ ጋር አይገናኝም። በኦፕን ሶርስ ኮሌክቲቭ አስተናጋጅነት የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ከሚገባላቸው 10 በመቶ ይከፍላሉ። ዴቢያንን ለመደገፍ የተመሠረተው ኤስፒአይ የተባለው ድርጅት 5 በመቶ ይወስዳል፤ ዶሜይንና የንግድ ምልክትም በስሙ ይይዛል፣ ግን ለመግባት ማመልከቻና የቦርድ ውሳኔ ያስፈልጋል። ለትንሽ ፕሮጀክት የመቶኛው ልዩነት ብዙ ለውጥ አያመጣም። ወሳኙ ገንዘብ ያዡ ቢለቅ ገንዘቡ አብሮት አለመሄዱ ነው።

ሥራን መቀነስም የዕቅዱ አካል ነበር። በእትም 4.5 በቤት ውስጥ የተጻፈው አሮጌ መጫኛ በካላማሬስ ተተካ፤ ብዙ ዲስትሮዎች የሚጋሩት መጫኛ ስለሆነ ስህተቱን የሚያስተካክለው ዓለም ነው። የማቴ ዴስክቶፕ እትም እንዲቀር ተወስኖ ኤክስኤፍሲኢ ገባ። ለማቴ ወዳጆች መራራ ነበር፣ እናዝንላቸዋለን። ነገር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ እትም በየወጣበት ጊዜ መጫን፣ መፈተሽና የተጠቃሚ ጥያቄ መመለስ ማለት ነው። አራት እትም ካለ፣ በሁለት የማስነሻ ዓይነትና በሦስት የግራፊክስ ካርድ ዓይነት ብቻ ቢፈተሽ 24 ጭነት ይሆናል፤ አንዱ አንድ ሰዓት ቢወስድ ሦስት ሙሉ የሥራ ቀን።

ትልቁ ዕዳ፦ ማህደሮችን ማዋሐድ

ሊኑክስ በወረሰው በጥንቱ የዩኒክስ ልማድ ፕሮግራሞች በሁለት ቦታ፣ በተለያዩ ማህደሮች (ፎልደሮች)፣ ይቀመጣሉ። ሲስተሙ ለመነሳት የሚያስፈልጉት በላይኛው ቢን፣ ኤስቢንና ሊብ ውስጥ፣ የቀሩት ዩኤስአር በተባለው ማህደር ሥር ባሉት ተመሳሳይ ስም ባላቸው ማህደሮች ውስጥ። ክፍፍሉ ዲስክ ትንሽ በነበረበት ዘመን ጠቀመ፤ ዛሬ አይጠቅምም። ፌዶራ በ2012፣ በእትም 17፣ ሁሉን ወደ ዩኤስአር አስገብቶ ላይኞቹን ማህደሮች ወደዚያ የሚጠቁሙ ማያያዣዎች ብቻ አደረጋቸው። ሶለስ ይህን አላደረገም ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሳው ሲስተምዲ፣ እትም 255 በዲሴምበር 2023 ሲወጣ፣ ለተከፋፈለው አቀማመጥ የነበረውን ድጋፍ ሰረዘ። ከዚያ በኋላ ሶለስ ምርጫ አልነበረውም፦ ወይ ማዋሐድ፣ ወይ ለዘላለም በአሮጌ ሲስተምዲ መቅረት።

ሥራው ለምን እንደሚከብድ በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ ላይብረሪ በአሮጌው ፓኬጅ ውስጥ በላይኛው ሊብ ተቀምጧል። አዲሱ ፓኬጅ ያንኑ ፋይል በዩኤስአር ሊብ ያስቀምጠዋል። የፓኬጅ ማስተዳደሪያው ሲያድስ በመጀመሪያ አዲሱን ፋይል ይጽፋል፣ ከዚያ በአሮጌው ዝርዝር ላይ ኖሮ በአዲሱ የሌለውን ይሰርዛል። ላይኛው ሊብ እውነተኛ ማህደር ከሆነ ችግር የለም። ቀድሞ ወደ ማያያዣነት ከተለወጠ ግን ሁለቱ አድራሻዎች አንድ ቦታ ናቸው፤ ማስተዳደሪያው «አሮጌውን» ሲሰርዝ አሁን የጻፈውን አዲሱን ይሰርዛል። የተሰረዘው ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፍበት የሲ ላይብረሪ ከሆነ ከዚያ በኋላ አንድም ትእዛዝ አይሠራም፤ ኮምፒውተሩን በዩኤስቢ ከማስነሳት ውጭ መፍትሔ የለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። አንደኛ፣ ሁሉም ፓኬጆች አንድም ሳይቀር ፋይላቸውን በዩኤስአር ሥር ብቻ እንዲያስቀምጡ ይታረማሉ፤ የሚያስፈልግ ሲሆን በላይኛው ቦታ ለጊዜው በየፋይሉ ማያያዣ ይተዋል። ሁለተኛ፣ የማከማቻው ሙሉ የፋይል ዝርዝር በማሽን ተጣርቶ በላይኞቹ ማህደሮች ውስጥ ባለቤት ያለው ፋይል እንደሌለ ይረጋገጣል። በተጨማሪ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች በሁለቱም ቦታ ካሉ የትኛው እንደሚቀር ይወሰናል። ሦስተኛ፣ ይህ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ እስኪደርስ ይጠበቃል። አራተኛ፣ አፕዴቱ ካለቀ በኋላ የሚሠራ መሣሪያ የቀረውን ወደ ዩኤስአር አዛውሮ ማህደሩን በማያያዣ ይተካል፤ አንድ ነገር ካልተጣጣመለት ምንም ሳይነካ ይመለሳል። አምስተኛ፣ አዲሱ ሲስተምዲ ይለቀቃል። ሶለስ የማዋሐዱን ሥራ በ2024 ውስጥ በስፋት አካሄደ።

የቀረው እሾህ ዘግይቶ የሚያድስ ተጠቃሚ ነው። ላፕቶፑ ለስምንት ወር መሳቢያ ውስጥ የቆየ ሰው፣ ወይም አዲስ አበባ ላይ በሞባይል ዳታ ስለሚጠቀም ጊጋባይት የሚያክል አፕዴት እስኪመቸው ያቆየ ሰው፣ ከአንደኛው ደረጃ ወደ አምስተኛው በአንድ ዝላይ ይመጣል። በመካከል ያሉት ደረጃዎች አልደረሱትም፤ ሮሊንግ ማከማቻ ደግሞ የዛሬውን እንጂ የትናንቱን አይዝም።

መድኃኒቱ ዘመንን መቁረጥ ነው። ሶለስ በ2025 ፖላሪስ የተባለ አዲስ ማከማቻ ከፈተ፤ ሻነን በመጨረሻው ደኅና ሁኔታው ቆመ። የዘገየው ኮምፒውተር በመጀመሪያ ከሻነን የመጨረሻውን ያገኛል፤ እዚያ ደርሶ፣ ማህደሮቹ ተዋሕደው፣ የፓኬጅ ማስተዳደሪያው ታድሶ ሲረጋገጥ ብቻ አድራሻው ወደ ፖላሪስ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ፖላሪስ ውስጥ የሚሠራ ዴቨሎፐር «ሁሉም ተዋሕዷል» ብሎ በእርግጠኝነት መሥራት ይችላል፤ ለአሮጌው የተተዉትን ማያያዣዎችም ይጥላል። ዋጋው ለተወሰነ ጊዜ የሁለት ማከማቻ ቦታ በየመስታወት ሰርቨሩ (የማከማቻውን ቅጂ በሚያሰራጨው ሰርቨር) መያዝ ነው። ርካሽ ነው እንላለን።

ፓይተን 2

ኢኦፒኬጂ የተቀዳው ከቱርኩ ፓርዱስ ዲስትሮ የፓኬጅ ማስተዳደሪያ ሲሆን በፓይተን 2 የተጻፈ ነበር። የፓይተን 2 ድጋፍ በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አበቃ። የፓኬጅ ማስተዳደሪያ በፓይተን ሲጻፍ የተለየ አደጋ አለው፦ የቆመበትን ወለል ራሱ ነው የሚቀይረው። በአፕዴት መካከል የፓይተን ላይብረሪዎችን ሲያነሳ፣ በኋላ ሊጭነው ያሰበው የራሱ ክፍል ከቦታው ይታጣና በግማሽ መንገድ ይቆማል። የሚታወቁት ጥንቃቄዎች ሁለት ናቸው፤ የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ሁሉ ሥራ ሳይጀምር ወደ ማህደረ ትውስታ መጫን፣ ወይም ማስተዳደሪያውን ከነተርጓሚው በአንድ ራሱን በቻለ ፋይል ማጠቃለል። ሌላው ወጥመድ በፓይተን 2 እና 3 መካከል ጽሑፍና ባይት መለያየታቸው ነው፤ እንግሊዝኛ ያልሆነ ፊደል በፋይል ስም ውስጥ ሲገኝ፣ ለምሳሌ በፊደላችን የተጻፈ ስም፣ በሙከራ ያልታየ ስህተት በተጠቃሚ ቤት ይፈነዳል። ፈተናው ውስጥ ሆን ብሎ እንዲህ ያሉ ስሞችን ማስገባት ያስፈልጋል።

ስሌቱና ቁልፉ

የማሰራጫ ወጪን ሳያሰሉ ዕቅድ ማውጣት አይቻልም። 5,000 ኮምፒውተሮች በሳምንት 400 ሜጋባይት ቢያወርዱ በሳምንት 2 ቴራባይት፣ በወር 8.7 ቴራባይት አካባቢ ነው። በጊጋባይት 0.09 ዶላር በሚያስከፍል ክላውድ ላይ በወር 780 ዶላር ይመጣል፤ ለበጎ ፈቃደኛ ፕሮጀክት ይህ ጠቅላላ ገቢው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የዩኒቨርሲቲ መስታወት ሰርቨሮች የሚወደዱት፤ ለሶለስ በኒውዮርክ ግዛት ያለው የሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም መስታወት ለዓመታት ይህን አገልግሎት ሰጥቷል። ሆኖም በአንድ መስታወት ብቻ መንጠልጠል ያንኑ የቁልፍ ችግር በሌላ መልክ መመለስ ነው፤ በተለያየ ተቋም ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል፣ የተጠቃሚው ኮምፒውተርም አንዱ ሲዘጋ ራሱ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ ይደረግ።

ቁልፍ ሲባል ዝርዝሩ ከሚታሰበው ይረዝማል። የዶሜይን መዝጋቢው ሂሳብ አለ፤ ሂሳቡ የተከፈተበት ኢሜይል አለ፤ ኢሜይሉ በዚያው ዶሜይን ላይ ከሆነ ደግሞ ዶሜይኑ ሲጠፋ ማስመለሻውም አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ከውጭ ይሁን። የስም ሰርቨሩ፣ የግንባታ ሰርቨሩ፣ የጊትሀብ ድርጅቱ ባለቤትነት፣ የፓኬጅ ፊርማ ቁልፉ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ የመጠባበቂያ ኮዶቹ፣ ክፍያ የሚፈጸምበት ካርድና ካርዱ የሚያበቃበት ቀን ይከተላሉ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሰው፣ በተለያየ አገር፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። የፊርማ ቁልፉ ብቻ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ ለአምስት ሰው ተከፋፍሎ ሦስቱ ሲገናኙ የሚከፈትበት ስልት አለ፤ አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢከዳ ፕሮጀክቱ አይያዝም።

የዶሜይን ቅጥያም የራሱ ሕግ አለው፣ ብዙዎች አያስቡትም። ዶት ዩኤስ የሚመዘገበው ከአሜሪካ ጋር ግንኙነት ላለው ሰው ወይም ድርጅት ነው፤ የተመዝጋቢውን ስም መደበቅም አይፈቀድም። ዶት ኢዩ የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት፣ ወይም በኅብረቱ ወይም በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ነዋሪነት ይጠይቃል፤ ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ ብሪታንያ ያሉ ብዙ ባለቤቶች ዶሜይናቸውን ያጡት ለዚህ ነው። ጌትሶል ዶት ዩኤስን ለመሰለ አድራሻ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ተተኪ መዝጋቢ ሲፈለግ ቴክኒክ መቻሉ አይበቃም፣ መኖሪያው ወይም ዜግነቱም ይጠየቃል። ዶት ኦርግን የመሰለ አጠቃላይ ቅጥያ ይህን ጣጣ የለውም፣ እስከ 10 ዓመትም ቀድሞ ይከፈልበታል።

ዝርዝሩ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በልምምድ ብቻ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ዋናው የሰርቨር ኃላፊ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ፤ ሌላ ሰው በተጻፈው መመሪያ ብቻ፣ በባዶ ሰርቨር ላይ፣ ከባክአፑ ተነስቶ አንድ ፓኬጅ ገንብቶ፣ ማከማቻ አዘጋጅቶ፣ በአንድ የሙከራ ኮምፒውተር ላይ ይጫን። የት ላይ «ይህንን ማን ያውቃል?» ብሎ እንደቆመ ይመዘገብ። በመጀመሪያው ልምምድ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ባክአፑ ሳይሆን ያልተጻፈ አንድ የይለፍ ቃል ወይም አንድ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት በእጁ ያስተካከለው የማዋቀሪያ ፋይል ነው።

ሰርቨር ሲመለስ የመጀመሪያው ዓርብ በደኅንነት ማስተካከያ ይጀምር፦ ማሰሻው፣ ከርነሉ፣ ኦፕን ኤስኤስኤል። ኮምፓይለሩና ዴስክቶፑ ይቆዩ። ሦስት ወር የተከማቸን ሁሉ በአንድ ቀን የለቀቀ ቡድን፣ አንድ ነገር ሲሰበር ከስምንት መቶ ለውጥ የትኛው እንደሰበረው ማወቅ አይችልም።

መዝጊያም ይታቀድ

ሶለስ በ2023 ያልመረጠውን የመጀመሪያውን መንገድ ማንም ፕሮጀክት በወረቀት ላይ ሊኖረው ይገባል። አንተርጎስ የተባለው በአርች ላይ የቆመ ዲስትሮ በሜይ 2019 ሲዘጋ፣ የመጨረሻው አፕዴቱ የራሱን ማከማቻ ከተጠቃሚው ኮምፒውተር አነሳ፤ ኮምፒውተሮቹ ከአርች በቀጥታ እየታደሱ ቀጠሉ። ከማኅበረሰቡ የተነሱ ሰዎችም በዚያው ዓመት ኢንደቨር ኦኤስን ጀመሩ። ገለልተኛ ዲስትሮ ከሥሩ የሚይዘው እንዲህ ያለ ወለል የለውም። ቢዘጋ፣ የመጨረሻው ዓርብ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ይነገር፤ የመጨረሻው አፕዴት ለተጠቃሚው በማያመልጠው ቦታ፣ በዴስክቶፑ ላይ፣ ማስታወቂያ ያሳይ፤ ማከማቻው ሳይለወጥ በመስታወቶቹ ላይ ይቆይ፤ የፊርማ ቁልፉ ከሁሉ በኋላ ይጥፋ።

ዶሜይኑ ግን አይለቀቅ። ያላደሱ ኮምፒውተሮች ለዓመታት ያንን አድራሻ እየጠየቁ ይኖራሉ። ጊዜው ያለፈበትን ዶሜይን በጥቂት ዶላር የገዛ እንግዳ ሰው፣ ፊርማ በማይፈትሽ ሲስተም ላይ የፈለገውን ፓኬጅ በበላይ ተጠቃሚ ሥልጣን ሊጭን ይችላል። ፕሮጀክቱ ከሚተርፈው ገንዘብ ላይ የአሥር ዓመት የዶሜይን ክፍያ መጀመሪያ ይለይ።